ትከሻዋ እስኪፈታ

ልጄ ሐዳሳ፣ በሄድሽበት ሁሉ ጌታ ይቅደምሽ። እኔ አጎትሽ የምጽፈው እናትሽ ስላዘዘችኝ ነው። ደህና ነን፤ የእሷ ቀኝ ትከሻ ብቻ ሸፍቷል፤ ሻሽ እንኳ አላሳስር ብሏታል። ወጌሻው ሊጎትትላት ሲመጣ "በሬ ነኝ?" ብላ መለሰችው። ደግ አደረገች። ሐኪሙ እንዳለን የደረቀ ትከሻ በጉልበት ሲጎትቱት ይብሳል፤ ጨርሶ ሲያሳርፉትም ይበልጥ ይደርቃል። በቀስታ እያንቀሳቀሱ መታገሥ ነው፤ ከዓመት በላይም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን በግድግዳው ላይ ሽቅብ ታስኬዳለች። "ሸረሪቷ ተነሣች" ስላት ጫማ ትወረውርብኛለች፣ በግራዋ።

የቆጮው እንሰት ግን አይጠብቅም። ጎረቤት ሴቶች ለደቦ ሲመጡ የመፋቂያውን ቀርከሃ አንሥቼ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። "ወንድ እንሰት ሲፍቅ የት ታየ?" ብለው ሊያባርሩኝ ተነሡ። እናትሽ ከበሩ ሆና "ተዉት! የኔ ትከሻ እስኪፈታ የእሱ የኔ ነው" አለቻቸው። ግማሹን አበላሸሁት፤ የቀረውን ግን እንበላዋለን።

አደራሽን፣ ስትደውዪ "ዕረፊ" አትበያት። "ሸረሪቷ የት ደረሰች?" በያት። ትናንት መስኮቱን አልፋለች።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ።

አጎትሽ ተረፈ