በፊርማ አባት ስለሆንኩላት ተማሪ

ለክቡር የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ኃላፊ፤
ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ለሚገኝ ኮሌጅ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በወረዳው በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሽማግሌ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው ልጄ ናት፤ ልጄ ያደረጓትም እርስዎ ነዎት።

እውነተኛ ስሟ ፋይልዎ ውስጥ ስላለ እዚህ ውዳሴ ልበላት። ራሷን የማጥፋት ሐሳብ አልለቃት ብሎ፣ እንደምንም ጨክና ቢሮዎ ገብታ ስትነግርዎ፣ ወላጅ አምጪ ብለው መለሷት።

አንደኛ፣ ያረፈደውንም መኖር ያስጠላውንም እኩል ወላጅ አምጣ ስለሚሉ፣ አድልዎ የለብዎትምና አመሰግናለሁ። አባቷ ጸሎት አንሶሽ ነው ብሎ በጉባኤ ፊት እንደሚያቆማት ስለምታውቅ ወደ እኔ መጣች፤ ኮት ስለምለብስ የሰፈሩ ተማሪ ወላጅ አምጣ ሲባል የሚወስደው እኔን ነው። አርፍዳ መሰለኝ። ምን ነበረበት ብጠይቃት! አልጠየቅኳትም።

ሁለተኛ፣ መታወቂያዬን እንኳ ሳያዩ፣ ልጄ ከእንግዲህ ራሷን ስለማጥፋት እንዳታስብ ኃላፊነት እወስዳለሁ የሚል ፎርም ስላስፈረሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ስጽፍ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም። የመጣችበትን ጉዳይ ያወቅኩት ሳነበው ነው፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ፈረምኩ። እርስዎም ፋይሉን ዘግተው አሰናበቱን። ፌርማታው ጋ ስንደርስ ከእንግዲህ ለማንም እንደማትናገር ነገረችኝ፤ እኔ ጅሉ ሻይ ልጋብዝሽ አልኳት። ታክሲ መጣ፣ ገባች።

ሦስተኛ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስላላየኋትና ስልኳም ስለማይሠራ አድራሻዋን ልጠይቅ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ፋይሉን ገልጣ፣ አባቷ እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ ቤትዎን እኛ እንንገርዎ ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፊርማዬ አለ።

እባክዎ ቤቷን ያፈላልጉልኝ። በሕይወት ካለችና ደግማ በርዎን ካንኳኳች፣ ከፎርሙ በፊት ወንበር ይስጧት። ደግማ ታንኳኳለች ብዬ ግን ተስፋ የለኝም፤ አንድ ጊዜ ተናግራ ያገኘችውን እኔም አይቻለሁ።

ማኅተምዎ ቀለም አይጣ እያልኩ እጅ የምነሳ፣
ባለፊርማው አባት፣ ፀሐዬ ገብረማርያም

ማስታወሻ፦ ትናንት ሌላ ተማሪዎ ወላጅ አምጪ ተብላ መጣች። አሁንስ ጠየቅኳት፤ ያው ነው። ሐሙስ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ። እስክሪብቶ አመጣለሁ፤ የሚፈርሙት ግን እርስዎ ነዎት።