ከራስ በላይ ስለተሰቀለው ድርቆሽ ለጋጣው አስተዳዳሪ

ለክቡር የጋራ ጋጣዎቻችን አስተዳዳሪ፣

ከነቤተሰብዎ፣ ከነቢሮዎና ከነአዲሱ ወንበርዎ እንደምን ሰነበቱ? የሚፈርሙበት እጅ እንዳይዝልብዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ጋሪ የምትጎትተው ባዝራዬ ደርባባ ግን ታስላለች።

መጻፌም በዚሁ ሳል ምክንያት ነው። ትናንት በበሩ ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ «ሳል የታየበት ሁሉ እስከ ቅዳሜ ግቢውን ይልቀቅ» ይላል፤ ደርባባ ደግሞ ሌላ ማደሪያ የላትም። ከውርንጭላነቷ ያሳደገቻት ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ከእሷ ወዲህ ስዘገይ የሚቆጣኝ ሰው ስለሌለ፣ በሩን በኮቴዋ እየደበደበች የምትቆጣኝ ይህችው ባዝራ ብቻ ናት።

ከማማረሬ በፊት ማመስገን ይገባኛልና፣

አንደኛ፤ ለጎብኚ ወለሉ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ብለው የድርቆሹን ቅርጫት ከፈረሶቹ ራስ በላይ ስላሰቀሉልን እናመሰግናለን። ፈረስ ሣር ከሰማይ ሲወርድለት ያደገ ይመስል ደርባባ አሁን አንጋጥጣ ትበላለች፤ ብናኙም ዓይኗና አፍንጫዋ ውስጥ ያለ ክፍያ ይራገፍላታል። ዘበኛችን «ጋሼ፣ መዘምራን ልትገባ ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። በትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ግርግም ሲናገር መሰላል ያነሳ አይመስለኝም። ግርግሙ እንደ እርስዎ ትእዛዝ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ እናቲቱ ሕፃኑን ለማስተኛት ምንኛ በተንገላታች ነበር።

ሁለተኛ፤ ድርቆሹን ነክሮና አንጠፍጥፎ መስጠት ወለል ያበላሻል ብለው ስለከለከሉ እናመሰግናለን። ባለቤቴ ብናኙ እንዲተኛ ጥቂት ነክራ ትሰጣት በነበረ ጊዜ ደርባባ ሳል የሚባል ነገር አታውቅም ነበር፤ ያ ግን ከሥልጣኔ በፊት ነው።

ሦስተኛ፤ የቀኑ ድርቆሽ በሙሉ ጠዋት በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ማዘዝዎ ለሠራተኛው ምቹ ነው። ደርባባ እስከ ረፋድ ትጨርሰውና ከዚያ ወዲያ የእንጨቱን በር ታኝካለች። ፈረስ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ሲግጥ እንዲውል የተፈጠረ እንስሳ ነውና፣ ቀዳዳው ጠበብ ባለ መረብ እያደረግን ጥቂት በጥቂት ብንሰጥስ ብዬ ብጠይቅ «ሐሳብዎ ተመዝግቧል» ተባልኩ። በሩ ተበልቶ ሳያልቅ መዝገቡ ቢገለጥ መልካም ነው።

እዚህ ስደርስ አሽሙሬ በዛ ይሆን ብዬ ተንበርክኬ ራሴን መረመርኩ። ንስሐ የሚያስገባ አንድ መስመር አገኘሁና ሰረዝኩት፤ ደብዳቤው አላምር ቢለኝ ግን መልሼ ጻፍኩት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ልመናዬ አጭር ነው፤ ቅርጫቱ ወርዶ ሰፊ ገንዳ መሬት ላይ ይቀመጥላት፣ ድርቆሹም ይነከርላት። በዚህ ሳሏ ካልቀነሰ፣ ማንም ሳያስወጣን እኔው ይዣት እወጣለሁ።

ከቸርነትዎ የሚራገፈውን ሁሉ በትዕግሥት የምቀበል፣
ትሑት ደጅ ጠኚዎ፣
የስድስተኛው ጋጣ ተከራይ

ማስታወሻ፦ ትናንት ማስታወቂያውን ለጥፈው ሲያበቁ፣ የቅርጫቱን አሰቃቀል ሊያደንቁ ከሥሩ ቆመው ቀና ባሉ ጊዜ የያዘዎ ሳል ተሻለዎ ወይ? ዘበኛው ውኃ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ደርባባ በሐዘኔታ ስታይዎ ነበር። ካልተሻለዎ አይጨነቁ፤ ቅዳሜ ጋሪዬ ላይ ቦታ አለ፤ እሷ ትጎትታለች፣ እርስዎ ይቀመጣሉ።