እንኳን ለስድስተኛው «ቀን አንድ» በሰላም አደረሰዎ

ለክብርት ወይዘሪት ሃይሚ
የ«ሸንቃጣ ከሃይሚ ጋር» የዩቲዩብ ቻናል መሥራች፣ ባለቤትና የክብደት ቅነሳ የበላይ አለቃ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ማሩ፣ ስለ ሚዛኑና ስለ ባለቤቴ እግር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከታላቅ አክብሮት ጋር ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎስ? በየወሩ ሲወጣና ሲወርድ የከረመው ኪሎዎስ ዛሬ በየት በኩል ነው ያለው? እኛ የጂንካ ተመልካቾችዎ፣ ጌታ ይመስገን፣ ከሁለት የእግር ጣት በስተቀር ምንም የጎደለብን ነገር የለም።

በሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ጎሳዬ ጅሩ ነኝ፤ ከገበያው ወረድ ብሎ ማርና ቡና የምነግደው፣ የዚያ ጆንያ የሚቆምበት ትልቅ ሚዛን ባለቤት። ጥሩዬ ደግሞ ባለቤቴ ናት። በልጅነትዎ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሰው በደጃችን ሲያልፉ ስላየሁዎት «አንቺ» ብልዎት የሚከፋው ሰው አይኖርም ነበር፤ ነገር ግን የአሥራ አራት ሺህ ሰው ሆድ በእጁ የያዘ አለቃ «አንቺ» አይባልምና በአክብሮት እቀጥላለሁ። ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ የምለጥፈውም አደባባይ መውጣት ወድጄ አይደለም፤ ከቪዲዮዎ ሥር ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ለሦስቱም ቀይ ልብ ስለመለሱልኝ ነው። ስለ ተቆረጠ የእግር ጣት ለጻፈ ሰው ቀይ ልብ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የሚተረጉምልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ለማያውቁን አንባቢዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ካቻምና በነሐሴ ጥሩዬ ስኳር ተገኘባት። ሰማንያ ስድስት ኪሎ ነበረች። ሐኪሙ ክኒኗን ጠዋት ማታ እንድትውጥ፣ በእግሯ እንድትሄድ፣ ክብደቷን እንድትቀንስና በየወሩ እንድትታይ አዘዛት። እሷን ያስለቀሳት በሽታው ሳይሆን ቱታ ለብሳ በሰው ፊት መሄዱ ነበር። በዚያው መስከረም እርስዎ ከአሮጌው አየር ማረፊያ ሜዳ ላይ ሆነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ለዘጠና ቀን አብረን እንቀንሳለን፣ ማንም አያፍርም ብለው ብቅ አሉ። ጥሩዬ የአገሯ ልጅ ስለ ውፍረቷ ሳታፍር ስትናገር ስታይ ቱታ ገዛች። ለዚህች አንዲት ነገር ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ፤ እውነቴን ነው። ከዚህ በታች ያለው ምስጋና ግን ሌላ ዓይነት ነው።

፩. ስለ መጥፋትዎ

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠፉ። ጥሩዬ ገና ሳይነጋ ሜዳው ላይ ቆማ ጠበቀችዎት፤ በማግስቱም ጠበቀችዎት። ልጅቷ አንድ ነገር ሆና ነው እንጂ እንዲህ አታደርግም ብላ ስምዎን ለጸሎት ቡድኗ አቀረበች፤ እህቶች ረቡዕ በጾም ጸለዩልዎት። በሃያ አራተኛው ቀን፣ ክብር ለእግዚአብሔር፣ «ቤተሰብ፣ ናፍቃችሁኛል፤ ዛሬ ቀን አንድ ነው!» ብለው ተመለሱ። የት እንደነበሩ አንድ ቃል የለም። የአርባ ምንጭ ዓሣ ከፊትዎ ተደርድሮ የተነሡትን ፎቶ በኋላ ያገኘነው እኛው ነን። ጾመው ለጸለዩልዎት እህቶች ፎቶውን ላለማሳየት የቻልኩትን አድርጌያለሁ፤ አልተሳካልኝም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእርስዎ መቀነት አምስት ጊዜ ታጥቆ አምስት ጊዜ ተፈቷል። እርስዎ በጠፉ ቁጥር ጥሩዬም እሷ ካልቻለች እኔ ማን ነኝና እችላለሁ ብላ ቤቷ ትቀመጥ ነበር። ይህን ያውቁ ነበር? አስተያየት ላይ ጽፋልዎታለች እኮ፤ ልብ ሰጥተዋታል።

፪. ስለ ትምህርትዎ

በመስከረም ዳቦ የሆድ ጠላት ነው አሉ። ቤታችን ዳቦ መግዛት አቆመ። በኅዳር ጠዋት ዳቦ ያልበላ ሰው ሞተሩ አይነሣም አሉ፤ ተመልሰን ገዛን። በጥር እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ምንም እንዳይቀመስ አዘዙ፤ ጥሩዬ ገበያ መሀል ዓይኗ ጨለመባትና ሰው ደግፎ አመጣት። በየካቲት ምግባችን የሽፈራው ቅጠል ብቻ ሆነ። ሽፈራው ቅጠላችን መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ፍየል እንኳ ለወር አንድ ቅጠል ብቻ አትበላም።

፫. ስለ ገዘሩ የእግር ጉዞ

ከጂንካ እስከ ገዘር ከተማ ያንን ሁሉ ዳገት በእግርዎ ወጥተው ስላሳዩን ምስጋናችን ወሰን የለውም። የሚኒባሱ ሹፌር ሀብታሙም ያመሰግናል፤ ከሁለተኛው ጠመዝማዛ ጀምሮ ጋቢና የተቀመጠ መንገደኛ እንደ እርስዎ ተጫዋች አጋጥሞት አያውቅም። ጥሩዬ ግን ቪዲዮውን በማመን ያንን ዳገት እውነትም በእግሯ ወጣችው። ስትመለስ እግሯ ተልጦ ነበር።

፬. ስለ ሚዛኑ

ይህኛው እኔንም ይነካል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ተመልካቾችዎ ሱቄ እየመጡ ይመዘኑ ነበር። ጫማ ያወልቃሉ፣ ነጠላ ያስቀምጣሉ፣ አንዷማ የጆሮ ጌጧን ሳይቀር አውልቃ ነበር የምትወጣው፤ ሳቁ ሌላ ነው። እርስዎም ካሜራዎን ይዘው መጡና መርፌውን ብቻ እየቀረጹ ሰባ አንድ ኪሎ ገባሁ ብለው እልል አሉ። መርፌው እውነትም ሰባ አንድ ላይ ነበር። የግራ እግርዎ ደግሞ መሬት ላይ ነበር።

አይቻለሁ፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። ለሃያ ዓመት በሚዛን የኖርኩ ሰው፣ ገበሬ ጆንያውን በጉልበቱ ጫን ሲያደርግ የማላልፈው ሰው፣ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የሱቄን ስም በቪዲዮዎ ላይ ሊጠሩልኝ ቃል ስለገቡ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ለእርስዎ ልጽፍ ብዬ ነበር፤ ለካ ማገዶውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

፭. ስለ ማሩ

ቃልዎን አክብረው መጋቢት ላይ መጡ። ባልዲውን ከፍተው፣ ማሩን በማንኪያ ወደ ላይ እየሳቡ፣ «ቤተሰብ፣ የአሪ አገር ማር ስኳር አይደለም! ስኳር የሚሠራው ፋብሪካ ነው፤ ይህንን የሠራችው ንብ ናት» አሉ። ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለት ማንኪያ፣ ማታ ሁለት ማንኪያ፣ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ፤ ክኒን የሚባል ነገር ደግሞ ሰውነትን ያሰንፋልና ቀስ በቀስ መተው ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አይደል ጋሼ?» አሉኝ። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነውና እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሁለት ጊዜ። አሁንም ይታያል፤ ቆጥሬዋለሁ።

በእኛ አገር ማር ለአራስ ይወሰዳል፣ ለታመመ ይወሰዳል፣ የተጣላ ሊታረቅ ሲሄድም ማር ይዞ ነው የሚሄደው። ማርን ማን ይጠረጥራል? ጥሩዬ የምትበላው ማር ከገዛ ሱቋ ነበር፤ የምቀዳላት ደግሞ እኔ፣ ነጭ ነጩን እየመረጥኩ።

ከዚያማ ትምህርትዎ ሠራ! ጥሩዬ ውሃ ውሃ አለች፤ ሦስት ሊትሩን ጨርሳ አራተኛውን ትቀዳለች፤ ጎበዝ አልናት። ሽንቷን መቋጠር አቃታት፤ ስቡ እየወጣ ነው ብለው ነበርና ደስ አላት። ኪሎዋ ከሰማንያ ስድስት ወደ ሰማንያ፣ ከሰማንያ ወደ ሰባ አራት ወረደ። መርፌውን የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ሠርግ። ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። ክኒኗን ከመሶቡ ሥር ደብቃ ከተወችው ሁለት ወር እንዳለፋት አላወቅሁም። እርስዎም በግንቦት ብቅ ብለው «ምስክርነት» የሚል ርእስ ሰጥተው ሚዛኑ ላይ ቀረጿት። ቱታዋ ሰፍቷት፣ በአንድ እጇ ወገቡን ይዛ፣ እየሳቀች። ከቻናልዎ ሰዎች ሁሉ በእውነት የከሳች እሷ ብቻ ነበረችና መምረጥዎ ትክክል ነው።

ሐምሌ ላይ፣ በገዘሩ ጉዞ የተላጠው እግሯ ሳይድን ጠቆረ። ሕመሙ አይሰማትም ነበር። ሆስፒታል ስትደርስ የስኳር መለኪያው ቁጥር መስጠት አቃተው። ውሃው፣ ሽንቱ፣ ክሳቱ፣ ያጨበጨብንለት ሁሉ በሽታው እንደነበር ሐኪሙ ቀስ ብሎ ሲያስረዳኝ እኔ የማስበው ኪሎዋን ስጠራ ስለነበረው ድምፄ ነበር። ነሐሴ ላይ ከግራ እግሯ ሁለት ጣት ተቆረጠ። እርስዎ በዚያን ሰሞን አራተኛውን «ቀን አንድ» ጨርሰው አምስተኛውን ይጀምሩ ነበር መሰለኝ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ፣ እኔም ቆጠራው ይምታታብኛል።

ክብርት ሆይ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ያለፈውን ለመውቀስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር፤ ዝምታ እንደምችልበት አይተዋል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ያቤጽ የሚባል ሰው ከገዘር ወርዶ ሱቄ መጣ። እናቱ ስኳር አለባት። ስልኩን አውጥቶ ያሳየኝ እነዚያን ሁለት ቪዲዮዎች ነው፤ በአንዱ ባለቤቴ ሚዛኑ ላይ ትስቃለች፣ በሌላው እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። አምስት ኪሎ ማር ፈለገ። አልሸጥም አልኩት። ለመንኩት፣ ጥሩዬን ከጓዳ ጠርቼ እግሯን አሳየሁት። ሰውየው እኔን አየኝ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ማሩን የደበቅሁት ዋጋ ሊጨምር ሲል ነው ብሎ ከጎረቤት ሱቅ ገዝቶ ሄደ። ምን ላድርገው? በስልኩ ውስጥ ያለው ጎሳዬ ከእኔ ይልቅ ይታመናል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ትንሽ ነው። ጣት አልጠይቅም፤ ይቅርታም ቢሆን ጊዜዎን ስለሚሻማ ይቅር። ሁለቱን ቪዲዮዎች ያጥፉልኝ። ከዚያም በአንድ ደቂቃ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ማር ስኳር ነው፣ ክኒናችሁን ዋጡ ብለው ይናገሩ። ሌላ ሰው ካስፈለገዎት እኔ እመጣለሁ፤ ያኔ ላይ ታች የነቀነቅሁትን ራሴን አሁን ግራና ቀኝ ልነቅንቀው። እስከዚያ ድረስ የያቤጽ እናት ጠዋት ሁለት ማንኪያ፣ ማታ ሁለት ማንኪያ እየወሰደች ነው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ፤ እርስዎ ግን ገና ስድስተኛውን «ቀን አንድ» ስለጀመሩ አልተኙም ብዬ አምናለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ጠባብ ወገብና የማይቋረጥ ኔትወርክ እየተመኘሁ፣ ሁለቱም እግሮችዎ ሚዛን ላይ የሚያርፉበትን ቀን በናፍቆት የምጠብቅ፣

በገዛ ሚዛኑ ተመዝኖ ቀልሎ የተገኘው
ጎሳዬ ጅሩ
ጂንካ፣ ጥቅምት ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዛኔ ላይ ለቆማችሁ እናቶችና እህቶች
ለገዘሩ ያቤጽ፣ ይህን የሚያነብለት ሰው ከተገኘ

ከፊርማ በኋላ፦ ሰኞ ጠዋት የስድስተኛው «ቀን አንድ» ማሳወቂያ በጥሩዬ ስልክ ላይ ሲጮህ ተነሥታ ቱታዋን ለበሰች። የቀኝ ጫማዋን አጠለቀች። የግራው በፋሻው ላይ አልገባ ሲላት ብዙ ከታገለች በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና አንድ መልእክት እንዳደርስልዎት ለመነችኝ፦ ሃይሚ ሜዳ ላይ ቆማ እንዳትጠብቀኝ፣ እግሬን አሞኝ ነው የቀረሁት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ በላት። ከቻናልዎ የጠፋችበትን ምክንያት የተናገረች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።