ባለቤቴን «ተኝተዋል» ስላለችኝ መኪናዎ

ለተከበሩ የአረጋውያን ሹፌር አልባ ታክሲ ድርጅት መሥራችና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለትራንስፖርት ቢሮ፣ ካነበበው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እንቅልፍዎ ሰላማዊ፣ በርዎም በፈለጉት ጊዜ የሚከፈት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዕድሜዬን በአንድ መሥሪያ ቤት የአለቆችን ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚለውን ጣቶቼ ያለ ዓይን ይጽፉታል፤ መልስዎን አስቀድሜ ስለማውቀው በከንቱ እንዳይደክሙ ብዬ ደብዳቤውን አደባባይ አውጥቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ። በሬዲዮ ሲናገሩ እንደሰማሁት ድርጅቱን ያቋቋሙት ወሬኛ ሹፌሮች አያትዎን ከእንቅልፍ እየቀሰቀሱ ስላስቸገሯቸው ነው። ስለዚህም መኪኖችዎ ተሳፋሪው ዓይኑን ከጨፈነና ካልተናገረ ተኝቷል ብለው፣ ሙዚቃውን ዝቅ አድርገው፣ በሩን ቆልፈው፣ እስኪነቃ ድረስ በሰፈሩ ውስጥ ቀስ እያሉ ያዞሩታል። እንዲህ ያለ አሳቢነት ከወለዱት ልጅም አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ለኩላሊት እጥበት ወደ ክሊኒክ ይመላለሳል። ቀድሞ የሚያመላልሰን ሹፌር፣ እኛ «ሬዲዮ» ያልነው፣ ወሬው ራስ ያዞር ነበር፤ ግን በየመታጠፊያው «አባባ፣ አሉ?» ይላል፣ መልስ ካጣም ዞሮ ያያል። ክሊኒኩ ከእርስዎ ጋር ከተዋዋለ ወዲህ ግቢው የሚያስገባው የእርስዎን መኪና ብቻ ሆነና ሬዲዮ ከአጥር ውጭ ቀረ፤ ከአጥሩ እስከ ሕንፃው ያለውን ዳገት ደግሞ የባለቤቴ ጉልበት አይችለውም። ደንብዎ አንድ መኪና ለአንድ ተሳፋሪ ስለሆነ እኔም እቤት ቀረሁ። ባለቤቴ «አዲሱ ሹፌር ጨዋ ነው፣ አንድ ቃል አይወጣውም» እያለ ሲቀልድ አብሬው እስቅ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ሳምንት ከእጥበት ሲመለስ የደም ግፊቱ ወርዶ መኪናዎ ውስጥ ራሱን ሳተ። መኪናዋ ደጃችን ደርሳ በለስላሳ ድምፅ «አባባ፣ ደርሰናል» አለች፤ መልስ ስታጣ ይዛው ሄደች። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ጭንቅላቱ መስታወቱ ላይ እንደተደገፈ፣ አፉ ተከፍቶ ሲያልፍ አየሁት። ሲተኛ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያ እንቅልፍ አልነበረም። ዞራ ስትመጣ መስታወቱን ደበደብኩ፤ «ይቅርታ፣ ተሳፋሪው ተኝተዋል» ብላኝ አለፈች። እንደገና ስትመጣ መሀል መንገድ ገብቼ ፊቷ ቆምኩ። እግረኛ ስለማትገጭ ቆመች፤ ይህንንም አመሰግናለሁ። እሷ እኔ እስክሻገር ስትጠብቅ፣ እኔ በሩ እስኪከፈት ስጠብቅ፣ ባለቤቴ ውስጥ ሆኖ ፊቱ አመድ እየመሰለ ሄደ። በስልክ ያገኘኋት ሠራተኛዎ «እናቴ፣ አይጨነቁ፣ እንቅልፋቸውን ባንረብሽባቸው ይሻላል» አለችኝ። ጎማ የሚጠግነው ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምቶ መስታወቱን በጎማ መፍቻ ባይሰብረው ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ጥቁር ለብሼ እጽፍልዎ ነበር።

አራተኛ፣ ባለቤቴ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሳለ «የወሩ የተረጋጋ ተጓዥ» ሆኖ መመረጡን የሚያበስር መልእክት ከድርጅትዎ በስልኩ ደርሶታል። እንዲህ ያለ ክብር በሥራ ዘመኑም አላገኘም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀብኝ። እፈራለሁ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፣ እኔም ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ትናንት አምቡላንስ ወደ ቤት መልሶታል፤ ነገ ጧት ደግሞ እጥበት አለው። ቢቀር ይሞታል፤ የሚወስደው ደግሞ የእርስዎ መኪና ነው። ከደጅ የጎማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ በመስኮት አያለሁ። የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም፤ በሩ ላይ ከውጭ በእጅ የሚከፈት መያዣ፣ ቢሮዎ ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ ዝም ሲል የሚደነግጥ አንድ ሰው።

ለእንቅልፋችን ስለሚያደርጉት የማይነጥፍ ጥበቃ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ዓይኗን ከከደነች የሰነበተችው አክባሪዎ፣
የወሩ የተረጋጋ ተጓዥ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነግቷል፣ መኪናዎም ደጅ ቆማለች። ደንብዎን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ እኔም አብሬው ልገባ ነው። የጎረቤታችንን የጎማ መፍቻ በቦርሳዬ ይዣለሁ፤ መንገዱን ሙሉም ሬዲዮ እሆንለታለሁ። ምናልባት ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን በመኪናዎ ስንዞር ካዩን ግን፣ ስለ አያትዎ ብለው፣ ተኝተዋል አይበሉ።