ስለ አጥቂያችን ቀኝ እጅና ስለ ባለቤቴ ግራ ጆሮ

ለተከበሩ የክለባችን ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉሮሮዎስ ተሻለው? ቅዳሜ ዕለት «ጀግናችን!» እያሉ ሲያስጨፍሩ ድምፅዎ ስለተዘጋ፣ እኔም በበኩሌ እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ። የስታዲየሙ በር ጠባቂ ሚስት ነኝ፤ አጥቂያችንን «ባጅ ያሳዩኝ» ስላለ በጥፊ የተመታው ሰውዬ ሚስት። የማኅበርዎን ባነሮች የምሰፋውም እኔው ስለሆንኩ አላውቅሽም እንደማይሉኝ ተስፋ አለኝ።

አንደኛ፦ ማኅበርዎ ነገሩን በጥሞና መርምሮ «በር ጠባቂው ተጫዋቹን አናዶታል» ብሎ ስለወሰነ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኛ ሞኞቹ ጥፋቱ የመቺው መስሎን ነበር። ማንም ያለ ባጅ እንዳይገባ ያዘዘው ክለቡ ራሱ መሆኑን ላስረዳ ብሞክር፣ ጸሐፊዎ «አጥቂያችንን የማያውቅ አለ እንዴ?» ብለው አሳፈሩኝ። እውነታቸውን ነው፣ ባለቤቴ በደንብ ያውቀዋል። አጥቂው ዘንድሮ ለእኛ ሲፈርም የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ የእሱን የሰቀለ ሰው እንዴት አያውቀውም?

ሁለተኛ፦ የባለቤቴ ግራ ጆሮ እስካሁን አይሰማም። ሐኪሙ ታምቡሩ ተቀዷል ብለዋል። ክለቡም ከሥራ አግዶታል፤ «መመለስ ከፈለገ እሑድ ሜዳ ገብቶ ልጁን በደጋፊው ፊት ይቅርታ ይጠይቅ» የሚለውን ሐሳብ ያመነጩት እርስዎ መሆንዎን ሰምቻለሁ። ተመቺው መቺውን ይቅርታ እንዲጠይቅ ማሰብ፣ አቤት ጭንቅላት! እኔን ያበገነኝ ግን ሌላ ነው፤ ባለቤቴ እሺ ብሏል። «ልጁ ጫና በዝቶበት ነው፣ እኔም ቶሎ መክፈት ነበረብኝ» ይለኛል፣ ጉንጩ አብጦ! ምን አድርጋችሁት ነው እንዲህ የሆነው? ባለፈው ጨዋታ ሬዲዮኑን በደህናው ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ ያ የመታው ልጅ ሲያገባ «ጎል!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሦስተኛውን ባልፈው ደስ ባለኝ፣ ግን አንጀቴ እምቢ አለ። አምና ይኸው አጥቂ ለተቀናቃኛችን ሲጫወት የእኛን ወጌሻ ገፍትሮ ጣለ። ያኔ «ይህ ባለጌ ዕድሜ ልኩን ይታገድ» የሚል ባነር በአስቸኳይ ያዘዙኝ እርስዎ ነበሩ፤ ስለ ወጌሻው ሲናገሩም እንባዎ መጥቶ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ያንኑ ጨርቅ ልከው «እህቴ፣ ጨርቅ አናባክን፣ በጀርባው ‹ሁሌም ከጎንህ ነን› ብለሽ ስፊበት» አሉኝ። ቁጠባዎን አደንቃለሁ። እጁ ያው እጅ ነው፣ ጥጋቡም ያው ጥጋብ ነው፤ የተቀየረው ማሊያው ብቻ ነው።

እሑድ ባለቤቴን አልከለክለውም፤ ሥራውን ይወዳል፣ እናንተንም ይወዳል። አብሬው ገብቼ ግን ከጎኑ እቆማለሁ። የሚያጨበጭበውን ሁሉ ፊት ለፊት ማየት እፈልጋለሁ።

ለክለቡ ካለዎት ፍቅር ለሰውም ጥቂት እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣

የበር ጠባቂው ሚስት፣ ባነር የምሰፋልዎት

ማስታወሻ፦ በጨርቁ ጀርባ ላይ ምንም አልሰፋሁም፤ እንዳለ መልሼልዎታለሁ። ልጁ ለከርሞ ወደ ድሮ ክለቡ ሊመለስ ነው ሲባል ስለሰማሁ፣ የፊቱ ጽሑፍ መልሶ ያስፈልግዎታል ብዬ ነው። ያን ቀን ባለቤቴ መመታቱ ትዝ ብሎዎት ሊያጽናኑት ቤታችን መምጣትዎ አይቀርም። ታዲያ ሲያነጋግሩት በቀኙ በኩል ይሁን፤ በግራው አይሰማዎትም።