የማይታይ ክብደት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። እንዴት ነሽ? ሥራሽስ፣ ያ ሲነሳብሽ የነበረው ራስ ምታትስ? እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ልቤ ሳይከዳኝ ሰባት ዓመት የደበቅኩሽን ልነግርሽ ብዬ ነው። እናትሽ ስታርፍ እጇን የያዝኩት እኔ አልነበርኩም፤ አክስትሽ ነበረች። እኔ የትንፋሿን ድምፅ ፈርቼ ከሆስፒታሉ ወጥቼ መንገድ ለመንገድ ስዞር ነበር። ስመለስ ፊቷ ተሸፍኗል። አንቺ በስልክ ስትጠይቂኝ አፈርኩና፣ አክስትሽ ደክሟት ቤቷ ገብታ ነበር፣ ከእናትሽ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ አልኩሽ። በዚያች ቃል አክስትሽ ከዓይንሽ ወደቀች። ወሬው ጎረቤት ሁሉ ደረሰ፤ እሷም ሰምታ ዝም አለች።

ይህን ያስወጣኝ አንድ ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ ነው። ጎረቤታችን የፊዚክስ አስተማሪው ሊያስጠርዘው አመጣው። እንደምታውቂው እኔ እየሰፋሁ አነባለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረው ጭንቅላቴ ግማሹን ባይገባውም። በጣም ከባድ ነገር አጠገብ ያለ ሰዓት ሩቅ ካለው ይልቅ ቀስ ብሎ ይሄዳል ይላል። ደግሞ በሰማይ ላይ፣ ከከዋክብት መካከል፣ ብርሃን እንኳ ከገባ የማይወጣበት ጥቁር ጉድጓድ አለ ይላል። ልጄ፣ መርፌው ከእጄ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ልጸልይ ስቆም ያ ጉድጓድ ፊቴ ይደቀናል።

አስተማሪው ሲመጣ ፍርሃቴን ነገርኩት። «አባባ፣ እሱ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ ይልቅ መጽሐፌን ለማክሰኞ ብለውኝ አልነበር?» ብሎ ሳቀብኝ። የእኔ ሰዓት ከባድ ነገር አጠገብ ስለሆነ ነው የዘገየው ብዬ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ፣ ካልታየ መኖሩን በምን አወቃችሁ አልኩት። በዙሪያው ያሉት ከዋክብት ያሳብቁበታል አለኝ፤ ባዶ የሚመስል ቦታ ሲዞሩ ይታያሉ፣ ክብደቱም የሚሰላው ከእነሱ አካሄድ ነው።

ሳቄ ፊቴ ላይ ደረቀ። አንቺ ስትደውዪ የአክስትሽን ስም አታነሺም። እሷ በእኛ በር ላለማለፍ ሌላ መንገድ ትይዛለች። እኔም ሱቋን ላለማየት ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። ውሸቴን የቀበርኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አካሄዳችን ሲያሳብቅ ኖሯል። ፈጣሪ ማየቱን መቼም አልዘነጋሁም፤ ግን በጸሎቴ «ኃጢአቴን ይቅር በለኝ» እላለሁ እንጂ የትኛውን እንደሆነ ጠርቼው አላውቅም። አሁን የምፈራው አንቺን ነው። እናትሽን አጥቻለሁ፤ ድምፅሽንም ከነፈግሽኝ ምን ይቀረኛል? ብትቆጪ አልፈርድብሽም። አክስትሽን ግን አደራ፣ ደውዪላት።

ባለቤትሽን፣ ጉልበቱ እንዴት ሆነ በዪልኝ። ለአማትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ያቺን «ጥያቄ አያልቅባት» ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን፣ ሕፃኑን ደግሞ ግንባሩን ሳሚልኝ።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ አክስትሽ የክርና የቁልፍ ሱቅ ሄድኩ። በሩን ሁለት ጊዜ አልፌው ተመለስኩ። «ምነው፣ መንገድ ጠፋህ እንዴ?» አለችኝ። ሦስት ገበያተኞች ነበሩ። እስኪወጡ ልጠብቅ አልኩና፣ ስሟ የጎደፈው በሰው ፊት አይደል ብዬ ተውኩት። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «እህትሽ ስታርፍ እጇን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ የሸሸሁት እኔ ነኝ፤ ለልጄም ዋሽቻታለሁ» አልኳት፣ ሁሉም እየሰሙ።

አባትሽ
ከመጠረዣ ክፍሌ፣ ኅዳር 4 ቀን