የተነሣው አራት ነጥብ እንዲመለስ

ለጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 11

ጉዳዩ፦ በጤና ጣቢያው አጥር ላይ በጥያቄ ምልክት የተተካው አራት ነጥብ ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ነገሩን በአጭሩ ለማቅረብ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለ አንድ ሥርዓተ ነጥብ ይህን ያህል መጻፌን በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. እኔ አመልካች ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ታፔላና ግድግዳ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከጤና ጣቢያው በር በስተቀኝ፣ አጥሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከስድስት ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉ ከመሥሪያ ቤትዎ በማኅተም የተሰጠኝ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ክትባት ኦቲዝም አያመጣም።» ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ስንዝር ናቸው። አራቱን ነጥቦች በለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ለክቼ ስለሠራኋቸው እኩል ናቸው።

2. በሙያዬ የተሰጠኝን እጽፋለሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ «የዛሬ ሥጋ» ብለህ ጻፍ ሲለኝ ሥጋውን አላሸትም። ይህን ጽሑፍ ግን ከመጀመሬ በፊት የክትባት ክፍሏን ሲስተር እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሥራዋን አቁማ አስቀመጠችኝ። በተለያዩ አገሮች ብዙ መቶ ሺህ የተከተቡና ያልተከተቡ ሕፃናት ለዓመታት ክትትል እንደተደረገባቸው፣ ክትባቱም ለኦቲዝም ምክንያት ሆኖ እንዳልተገኘ ነገረችኝ። ታዲያ ከምን ይመጣል ስላት፣ «በዘር የሚሄድ ነገር እንዳለው እናውቃለን፤ ሙሉውን ገና አልደረስንበትም። የማናውቀውን አናውቅም እንላለን። ይሄን ግን እናውቃለን» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መሰላሌ ላይ ወጣሁ።

3. የጠየቅኩት ለነገር ፍለጋ አልነበረም። ትልቋ ልጄ ኦቲዝም አለባት፤ ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ «ዳኛዬ» እንላታለን። የተንጋደደ ጫማ ሳታቃና አትቀመጥም፤ ስሕተት አይታም ለሰው ፊት ብላ አታልፍም። በሕፃንነቷ ለኩፍኝ ክትባት በዝናብ አዝላ የወሰደቻት እናቷ ናት። አራት ዓመት ሲሆናት ሁኔታዋ ታወቀ፤ ዘመድ አዝማዱም «መርፌው ነው» አለ። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያው በር ማለፍ ትታ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞራ ገበያ መሄድ ጀመረች። ይህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆየ። ጽሑፉ በተጻፈ በሳምንቱ በአጭሩ መንገድ መጣች።

4. ከሁለት ወር በፊት የኮሙኒኬሽን ክፍሉ ባለሙያ አስጠሩኝ። ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ከእንግዲህ «አሳታፊ» እንዲሆን ከበላይ መመሪያ መምጣቱን ገለጹልኝ። «ጋሼ፣ ዐረፍተ ነገሩ እኮ በሩን ጥርቅም አደረገው። ሰው ጥያቄ ካለው ገብቶ እንዲጠይቅ ትንሽ ገርበብ እናድርግለት» አሉኝ። ገርበብ የሚደረገውም አራት ነጥቡ ተፍቆ በጥያቄ ምልክት ሲተካ መሆኑን አስረዱኝ። ትርጉሙ ይገለበጣል ብዬ ተከራከርኩ። አንድም ፊደል እንደማይነካ ነገሩኝ። ይህ እውነት ነው፤ አንድም ፊደል አልተነካም።

5. ክቡርነትዎ ቋንቋውን ስለሚያውቁት ማስረዳቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ። «ጎረቤታችን ሌባ አይደለም።» ቢባል ሰዉ ቁልፉን አደራ ይሰጠዋል። «ጎረቤታችን ሌባ አይደለም?» ቢባል ግን ሰፈሩ ቁልፉን ይቀይራል። አሁን በአጥርዎ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በስንዝር ፊደል፣ «ክትባት ኦቲዝም አያመጣም?» የሚል ጽሑፍ አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንቢ ማለት ስችል አላልኩም፤ ይህም በራሴ ላይ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።

6. የደረሰው ጉዳት ይህ ነው። ዳኛዬ መንገድ ላይ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ያውም ሥርዓተ ነጥቡን ጠብቃ። ስድስት ዓመት ሙሉ መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታነበው ኖራለች። አሁን መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ታነሣዋለች። በክትባት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች በተሰለፉበት ከእናቷ ጋር ስታልፍ «ክትባት ኦቲዝም አያመጣም?» ስትል ሰዉ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ እሷን፣ ቀጥሎ እናቷን አየ። አንዲት እናት ልጇን ሸፋፍና ከሰልፉ ወጣች። ሰዉ ድሮውንም ይጠራጠራል፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ነው ነገሩ። ባለቤቴም ከዚያ ቀን ወዲህ መንገዷ በወፍጮ ቤቱ በኩል ሆኗል።

7. ትንሿ ልጄ ፋብሪካ ትሠራለች፤ የዐሥር ወር ልጇን የምትይዝላት ባለቤቴ ናት። የሕፃኗ የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አለፈ። ባለቤቴ «አንዷን ወስጃለሁ፤ ሁለተኛ አልወስድም» አለች። ልጄ ደግሞ እናቷ የፈራችውን እሷ እንደማትደፍር ነገረችኝ። እኔው ልውሰዳት ብል ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። ሐኪሞቹ እርግጠኞች ናቸው እኮ አልኳት ልጄን። «እርግጠኛ ከሆኑ ታዲያ ምኑን ነው እኛን የሚጠይቁን፣ አባዬ?» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ከቤታችን ኋላ ባለው መንገድ ሁለት ሕፃናት በኩፍኝ ተኝተዋል። እፈራለሁ፤ ይህን በሌላ ቃል መጻፍ አልቻልኩም።

8. ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ቀርቤአለሁ። በመጀመሪያው ማመልከቻ ጻፍ ተባልኩ። በሁለተኛው ማመልከቻው የት እንደገባ ለማወቅ ማመልከቻ ጻፍ ተባልኩ። በሦስተኛው ባለሙያው፣ ለማስታረቅ ያህል፣ ከጥያቄ ምልክቱ ሥር «መልሱ ከውስጥ ይገኛል» የሚል እንድጨምር ሐሳብ አቀረቡ። ደግ ሐሳብ ነው። መልሱን ልይ ብዬ ወደ ውስጥ ዘለቅኩ። ሲስተር ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውራለች፤ የቀሩት ስብሰባ ላይ ነበሩ። የስብሰባው ርእስ በሩ ላይ ተለጥፏል፦ «የሕዝብ አመኔታን ስለማሳደግ»።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እንዲፈጸምልኝ አመለክታለሁ።

ሀ. አራት ነጥቡን እንድመልስ ይፈቀድልኝ። ቀለሙም መሰላሉም የእኔ ነው፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ለ. ነጥቡ ብቻውን አይበቃም፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና። በሚቀጥለው ማክሰኞ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ ሐኪም ቢሆን ይመረጣል፣ ሰልፉ ፊት ቆሞ የሚታወቀውን፣ ገና ያልታወቀውን፣ ምልክቱም በስሕተት መቀየሩን በአፉ ይናገር። ከወረቀት ባያነብ ደስ ይለኛል። ሰዉ የሚጠይቀውንም ሳይቆጣ ይመልስ።

ሐ. ሦስተኛው ጥያቄዬ በመሥሪያ ቤትዎ ደንብ ውስጥ መኖሩን አላውቅም። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ «እኔ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። አይደለሽም አልኳት። ሲስተር የነገረችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሰምታ ጨረሰችና «አንተማ የታዘዝከውን ትጽፋለህ» ብላኝ ወደ ልብሷ ተመለሰች። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ስለሆነም ክቡርነትዎ በራስዎ ፊርማ፣ በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም፣ ለባለቤቴ አንዲት መስመር እንዲጽፉላት እለምናለሁ። «አይደለሽም» የሚለው ይበቃታል። ደብዳቤው ግን በእኔ እጅ እንዳይላክ አደራ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጽሑፉን የጻፈው፣ ምልክቱንም የቀየረው